የዝናም ወሬና ዋሱ፤ ስለ ማኅበረሰብ ራዲዮ ከምዕራብ ኬንያ የተገኘ ምሳሌ

፩. የጥያቄው መነሻ

በዝናም የሚያርስና ዝናም ባበቀለው ሣር ከብቱን የሚያረባ ሕዝብ፥ ከሚሰማው ወሬ ሁሉ አብልጦ የሚሻው የዝናምን ወሬ ነው። ዝናሙ መቼ ይጀምራል? ከጀመረ በኋላስ ሳያቋርጥ ይዘልቃል፥ ወይስ ቡቃያው ብቅ ሲል ይከዳል? የሚያበቃውስ መቼ ነው? ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን እህል ከጎታ አውጥቶ ወደ ማሳው የሚወስደው፥ አርብቶ አደሩም ቤተ ሰቡን አስከትሎ መንጋውን ወደ ሌላ ውሃ የሚነዳው፥ ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በልቡ መልስ ከሰጠ በኋላ ነው። መልሱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ዘሩ በአፈር ውስጥ ይቀራል፤ ከብቱም በመንገድ ያልቃል፤ ስሕተቱን የሚያርምበት ሌላ ዘርና ሌላ መንጋ ግን ለድኻው አይገኝለትም።

በምሥራቅ አፍሪቃ ይህ ጥያቄ ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ እየከበደ ሄዷል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናም ከ1980ዎቹ ጀምሮ በብዙ ስፍራ ቀንሶ ታይቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ፥ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው፥ የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደሮች እጅግ ብዙ ከብት አልቆባቸዋል። በ2023 መጨረሻ ደግሞ በዚያው በደረቀው አገር ጎርፍ ወረደበት። የአየር ንብረት መለወጥ ለባላገሩ የሚገለጥለት እንዲህ ባለ መንገድ ነው፤ ዝናሙ ማነሱ ብቻ ሳይሆን፥ አባቶች ያወቁት ተራ መፋለሱ ነው።

መንግሥታትም ይህን አይተው ዝም አላሉም። በ1989 በናይሮቢ የድርቅ መከታተያ ማዕከል ተብሎ የተቋቋመውና ዛሬ የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል የሆነው ድርጅት፥ የአካባቢውን አገሮች ሊቃውንት ከ1998 ጀምሮ እየሰበሰበ ለየወቅቱ ትንበያ ያወጣል። ኢትዮጵያም ከነዚህ አገሮች አንዲቱ ናት። ትንበያው በየአገሩ ራዲዮ ይነገራል። ነገር ግን ባላገሩ ብዙ ጊዜ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል፤ ከተነገረው ቃል ይልቅም የሠፈሩን ሽማግሌ፥ የዛፉን ቅጠልና የነፋሱን አነሳስ ይከተላል።

የከተማው ሰው ለዚህ ነገር የሚሰጠው ምክንያት የታወቀ ነው፤ ባላገሩ አልተማረም ይላል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ግን ሌላ ነው። ማንም ሰው ቢሆን፥ ንብረቱን የሚያስይዝበትን ቃል የሚቀበለው የቃሉን ዋስ አይቶ ነው። በአገራችን ልማድ ብድርም ሆነ እርቅ ያለ ዋስ አይጸናም። ስለ ዝናም የሚነገር ቃልም እንደዚሁ ነው፤ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ፥ ቃሉ ሳይፈጸም ቢቀር የት ተገኝቶ እንደሚጠየቅ ካልታወቀ፥ ቃሉ ቢሰማም አይያዝም። የማኅበረሰብ ራዲዮ ጥቅምና ድክመትም በዚህ ይመዘናል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በምዕራብ ኬንያ በባንዮሬ ሕዝብ መካከል የተደረገው ሥራ ነው።

፪. የትንበያው ቃል ምን ይላል?

ወደ ባንዮሬዎች ከመሄዳችን በፊት፥ በራዲዮ የሚነገረው የወቅት ትንበያ ምን ዓይነት ቃል እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ሊቃውንቱ ያለፉትን 30 ዓመታት የዝናም መጠን ከትልቁ እስከ ትንሹ በተራ ያሰልፉና በሦስት እኩል ክፍል ይከፍሉታል። ብዙ የዘነበባቸው 10 ዓመታት «ከመደበኛ በላይ»፥ መካከለኞቹ 10 ዓመታት «መደበኛ»፥ ጥቂት የዘነበባቸው 10 ዓመታት «ከመደበኛ በታች» ይባላሉ። ምንም ምልክት ባይታይ የያንዳንዱ ክፍል ዕድል ከመቶ 33 ያህል ነው። የውቅያኖሶች ሙቀት ከተመረመረ በኋላ ግን ዕድሉ ይለያያል፤ ለምሳሌ ከመደበኛ በታች የመሆኑ ዕድል ከመቶ 45፥ መደበኛ የመሆኑ 35፥ ከመደበኛ በላይ የመሆኑ 20 ነው ተብሎ ሊነገር ይችላል።

እንዲህ ያለው ቃል ትርጉሙ ግልጽ ነው። ይህን የመሰለ ትንበያ 100 ጊዜ ቢነገር፥ 45 ጊዜ ያህል ዝናሙ ያንሳል፤ 20 ጊዜ ያህል ደግሞ እንዲያውም ይበዛል። ነገር ግን ከናይሮቢ ወይም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በራዲዮ ተናጋሪው አፍ በኩል ሲያልፍ ቁጥሩ ይወድቅና «ዘንድሮ ዝናሙ ከመደበኛ በታች ይሆናል» የሚል አንድ ቍርጥ ቃል ብቻ ይቀራል። በዚያ ዓመት ዝናሙ መልካም ሆኖ ቢገኝ፥ ሊቁ አልተሳሳተም፤ ገበሬው ግን ተዋሽቻለሁ ይላል። ገበሬውም እውነት አለው፤ የተነገረው ዕድል ሳይሆን ፍርድ ነበርና።

ሁለተኛው ችግር፥ ትንበያው የሚናገረው ስለ ወቅቱ ድምር መሆኑ ነው። የሦስት ወሩ ዝናም በሦስት ሳምንት ቢወርድ ድምሩ መደበኛ ይሆናል፤ ማሳው ግን ባዶ ይቀራል። ገበሬው የጠየቀው ስለ ጅማሬው፥ ስለ ማቋረጡና ስለ ማብቂያው ሲሆን፥ የተመለሰለት ስለ ብዛቱ ነው።

ሦስተኛው ችግር የስፍራ ነው። ኤልኒኞ የተባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት በተነሣ ጊዜ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል፤ በዚያው ዓመት ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በኬንያና በደቡብ ኢትዮጵያ የሚዘንበው ዝናም ብዙውን ጊዜ ይጨምራል። በ2015 በተነሣው ኤልኒኞ ምክንያት ክረምቱ ከሽፎ፥ በዓመቱ መጨረሻ በኢትዮጵያ የምግብ ርዳታ ያስፈልጋቸዋል የተባሉት ሰዎች 10.2 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። እንግዲህ ለአንዱ ወረዳ ድርቅን፥ ለሌላው ጎርፍን የሚያመጣ አንድ ነገር፥ ለሁሉ በአንድ ቋንቋና በአንድ ቃል ሲነገር፥ ከሰሚዎቹ አንዱን ማሳሳቱ አይቀርም።

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ሦስቱም ጕድለቶች የሚያሳዩት፥ ቃሉ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ከማሳው እስኪደርስ ድረስ በመካከል አንድ ተርጓሚ እንደሚያስፈልገው ነው። ተርጓሚውም ቋንቋን ብቻ ሳይሆን ስፍራውንና ሰዎቹን ማወቅ ይገባዋል።

፫. ንጋኚዎች

ቡንዮሬ የተባለው አገር ከኪሱሙ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ ከቪክቶርያ ሐይቅ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፥ የምድር ወገብ በአጠገቡ የሚያልፍበት ኮረብታማ ምድር ነው። ዛሬ በቪሂጋ አውራጃ ውስጥ ይቆጠራል። በ2019 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የአውራጃው ሕዝብ 590,013 ሲሆን፥ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ1,000 ሰው በላይ ይኖርበታል። መሬቱ እንዲህ ስለ ጠበበ፥ በቆሎና አደንጓሬ የሚዘራው ባላገር አንድ ጊዜ ዘሩን ቢያጣ የሚጠጋበት ሌላ ማሳ የለውም። ዝናሙ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ረጅሙ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው።

በሉህያ ሕዝቦች መካከል ከሚቆጠሩት ከባንዮሬዎች ወገን፥ ንጋኚ የተባለው ዘር በዝናም ዕውቀቱ የታወቀ ነው። ዕውቀቱ በዘር ይወረሳል፤ ሽማግሌው ለመረጠው ልጅ ያስተላልፈዋል። ሥራው የሚፈጸመው በተከበሩ የዛፍ ሥፍራዎች ሲሆን፥ እነዚህም ማንም እንደ ፈለገ እንዳይቈርጣቸው የተጠበቁ፥ በአገራችን የአድባር ዛፍ ከምንለው ጋር የሚመሳሰሉ ናቸው። ሽማግሌዎቹ የዛፎቹን ቅጠል መርገፍና ማቈጥቈጥ፥ የአበባውን ጊዜ፥ የወፎችንና የእንቍራሪቶችን ድምፅ፥ የንቦችንና የጕንዳኖችን ጉዞ፥ የነፋሱንም አቅጣጫ ይመለከታሉ። በቅዱሱ ስፍራ የሚቀመጡ የሸክላ ማሰሮዎችም ለሥርዓቱ ያገለግላሉ።

የውጭ ሰዎች እነዚህን ሽማግሌዎች «ዝናም ሠሪዎች» ብለው ጠሯቸው። ስሙ አንድን ነገር ከሌላው ይደባልቃል፤ ዝናምን አውቆ መናገርና ዝናምን ማምጣት፥ ቢያንስ ለተመልካቹ፥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸውና። ጉንተር ዋግነር የተባለው የሰው ልጅ ባህል መርማሪ በ1930ዎቹ በዚያ አካባቢ ተቀምጦ ካጠና በኋላ፥ በ1949 እና በ1956 በሁለት ክፍል በታተመው መጽሐፉ የሰሜን ካቪሮንዶ ባንቱዎችን ኑሮና እምነት ዘርዝሮ ጽፏል። በዚያው በቅኝ አገዛዝ ዘመን፥ በ1925 በወጣው የጥንቆላ ሕግ ምክንያት፥ እንዲህ ያለው ዕውቀት ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ስለዚህ በመንግሥቱ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤትና በሽማግሌዎቹ መካከል ለረጅም ዘመን መነጋገር አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በምሥራቅ አፍሪቃ በብዙ ስፍራ ስለ ዝናም የሚናገር ሰው ስለ ዝናም ይጠየቃል። ሲሞን ሲሞንሴ የተባለው ሊቅ በ1992 ባወጣው መጽሐፍ፥ ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሚባለው አገር ከዓባይ በስተ ምሥራቅ በሚኖሩ ሕዝቦች ዘንድ፥ ዝናም ሲቀር የዝናሙ ንጉሥ በሕዝቡ ተከስሶ እስከ መገደል ይደርስ እንደ ነበር አሳይቷል። ይህ የመጨረሻው ጫፍ ነው፤ ከቡንዮሬ ልማድ ጋርም አንድ ነው አንልም። ነገር ግን የነገሩን መሠረት ይገልጥልናል። የዝናም ቃል ክብር የሚያስገኘውን ያህል ዕዳም ያስከትላል። በመሥሪያ ቤት ተጽፎ በራዲዮ የሚነበበው ትንበያ ግን ክብርም ዕዳም የሌለበት ቃል ነው፤ ሳይፈጸም ቢቀር ደጁ ሄደው የሚጠይቁት ሰው የለም።

፬. የሁለቱ ወገኖች ስምምነት

በ2008 ገደማ የኬንያ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት፥ ከላይ የጠቀስነው የኢጋድ ማዕከልና የዩኒቨርሲቲ መምህራን፥ ከካናዳና ከእንግሊዝ መንግሥታት ድርጅቶች በተገኘ ገንዘብ፥ ከንጋኚ ሽማግሌዎች ጋር አንድ ሥራ ጀመሩ። አካሄዱ ቀላል ነው። የዝናሙ ወቅት ከመድረሱ በፊት ሁለቱ ወገኖች ትንበያቸውን ለየብቻ ያዘጋጃሉ። ሊቃውንቱ የውቅያኖሱን ሙቀትና የሒሳቡን ውጤት ይዘው ይመጣሉ፤ ሽማግሌዎቹ ከዛፉ፥ ከነፍሳቱና ከነፋሱ ያዩትን ይዘው ይመጣሉ። ከዚያም ተቀምጠው ያነጻጽራሉ፤ በሚስማሙበትና በሚለያዩበት ላይ ይነጋገራሉ፤ በመጨረሻም አንድ የጋራ ቃል ያወጣሉ። ይህ ቃል በአካባቢው ቋንቋ ተዘጋጅቶ፥ ባራዛ በሚባለው የአለቆች ጉባኤ፥ በቤተ ክርስቲያን፥ በትምህርት ቤትና በራዲዮ ለሕዝቡ ይነገራል።

ከዚህ ስምምነት እያንዳንዱ ወገን ያገኘው ጥቅም አለ። የሊቃውንቱ ትንበያ ሰፊ አገርን የሚያይ ነው፤ በአንድ ኮረብታና በሌላው መካከል ያለውን ልዩነት ግን አያይም። የሽማግሌዎቹ ዕውቀት የአንድ ስፍራ ዕውቀት ነው፤ ከሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሚነሣውን ነገር ግን ሊያይ አይችልም። በተጨማሪም ሽማግሌዎቹ የሚመለከቱት ምልክት ከገበሬው ጥያቄ ጋር ይቀራረባል፤ የሚናገሩት ስለ ድምር ሳይሆን፥ ዝናሙ ቀረበ ወይስ ገና ነው በሚለው ላይ ነውና።

ይሁን እንጂ ዋናው ለውጥ በሌላ ስፍራ ነው ብለን እናምናለን። ሁለት ሰዎች ስለ ተስማሙ ብቻ ትንበያ ትክክል አይሆንም፤ ሁለቱም አብረው ሊሳሳቱ ይችላሉ። ስምምነቱ የለወጠው የቃሉን ዋስ ነው። የጋራው ቃል ሲነገር ሽማግሌው በስሙና በዘሩ ክብር ቆሞበታል። ዝናሙ ቢቀር በማግሥቱ በገበያ ይገናኙታል፤ ለምን እንዲህ ሆነ ብለው ይጠይቁታል፤ እርሱም መልስ መስጠት አለበት። ባላገሩ የሚያደምጠው ቃል በዚህ ጊዜ ጎረቤት አገኘ።

፭. የራዲዮው ሥራ

የማኅበረሰብ ራዲዮ ማለት የአንድ አካባቢ ሕዝብ ለራሱ ጉዳይ፥ በራሱ ቋንቋ፥ ለትርፍ ሳይሆን የሚጠቀምበት አነስተኛ የራዲዮ ጣቢያ ነው። በኬንያ የዚህ ታሪክ የተጀመረው ከዚያው ከቪክቶርያ ሐይቅ ዳር ነው። በ1982 በዩኔስኮ ርዳታ በሆማ ቤይ ከተማ አንድ ትንሽ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር፤ በ1984 ግን መንግሥቱ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ፥ በ2009 የጸናው የመገናኛ ሕግ ማሻሻያ የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎ አወቀው።

በሌላ በኩል ራዲዮንና ኢንተርኔትን በማጣመር የአየር ጠባይን ወሬ ወደ ባላገር ለማድረስ የታሰበው ራኔት የተባለው ሥራ፥ በ1990ዎቹ መጨረሻ በኒጀር ተጀምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪቃ አገሮች ተስፋፋ። የኬንያ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤትም በዚህ ስም በየገጠሩ ትንንሽ ጣቢያዎችን አቋቋመ። ስፍራዎቹ የተመረጡት እንደ አደጋው ዓይነት መሆኑ ከቦታቸው ይታያል። ካንጌማ የመሬት መንሸራተት የሚያሠጋው ደጋ ነው፤ ቡዳላንጊ የንዞያ ወንዝ ወደ ሐይቁ ሲገባ የሚያጥለቀልቀው ሜዳ ነው፤ ሱስዋ የማሳይ ከብት አርቢዎች አገር ነው፤ ሌላው ጣቢያ ደግሞ የቆመው በንጋኚዎች ዘንድ ነው።

የትንሹ ጣቢያ ብልጫ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ድምፁ የሚደርሰው በጥቂት ወረዳዎች ብቻ ስለ ሆነ፥ የሚናገረው ስለነዚያ ወረዳዎች ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ የተጠቀሰው የስፍራ ስሕተት በዚህ ይቀንሳል። ሁለተኛ፥ ቋንቋው የሠፈሩ በመሆኑ፥ «ከመደበኛ በታች» የሚለው ባዕድ አነጋገር በኑሮ ቃል ሊተረጐም ይችላል፤ ቶሎ የሚደርሰውን ዘር ምረጡ፥ ማሳችሁን ሁሉ በአንድ ቀን አትዝሩ፥ የውሃ መውረጃውን ጥረጉ ተብሎ ይነገራል። ሦስተኛ፥ ወቅቱ ከገባ በኋላ ቃሉን በየሳምንቱ ወይም በየዐሥር ቀኑ ማደስና ማረም ይቻላል፤ የወቅት ትንበያ የሚናገረው ስለ ድምር ሲሆን፥ የዐሥር ቀኑ ትንበያ ግን ወደ መዝራትና ወደ ማረም ጥያቄ ይጠጋል።

ነገር ግን ራዲዮ በባሕርዩ ተናጋሪ እንጂ አድማጭ አይደለም። ይህን ጉድለት ለመሙላት የተደረገው ሙከራ ከአሁኑ ዘመን በፊት የነበረ ነው። በ1956 በሕንድ አገር በፑና አካባቢ፥ በዩኔስኮ ርዳታ ከ140 በሚበልጡ መንደሮች የገበሬዎች የማድመጫ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። አባሎቹ በተወሰነ ቀን ተሰብስበው ያደምጣሉ፤ የሰሙትን ይመክሩበታል፤ ጥያቄያቸውን ለጣቢያው ይልካሉ፤ መልሱም በሚቀጥለው ጊዜ ይነገራል። ከ2007 እስከ 2010 በጋና፥ በማላዊ፥ በማሊ፥ በታንዛኒያና በኡጋንዳ በተደረገው የገበሬ ራዲዮ ጥናትም፥ ዝግጅቱን በማሰናዳት የተካፈሉት መንደሮች፥ ዝም ብለው ከሚያደምጡት ይልቅ ምክሩን በሥራ ላይ ማዋላቸው ታይቷል። ዛሬ የእጅ ስልክ መስፋፋቱ ይህን መመላለስ አቃልሎታል።

በመሆኑም ራዲዮው የቃሉ ዋስ ሊሆን የሚችለው ጥያቄን ሲቀበልና ስሕተትን በግልጽ ሲናገር ነው። «ባለፈው ሳምንት ይዘንባል ብለን ነበር፥ አልዘነበም፥ ምክንያቱ ይህ ነው» ብሎ የሚናገር ጣቢያ፥ ሁልጊዜ ትክክል ነኝ ከሚለው ይልቅ ይታመናል።

፮. መጠንቀቅ የሚያስፈልግባቸው ነገሮች

እስካሁን የተነገረው በጎ ጎኑ ነው። ሆኖም ነገሩን በሙሉ ለማየት የሚከተሉትን ማመዛዘን ይገባል።

በመጀመሪያ፥ የምልክቶቹ ነገር ነው። ሽማግሌው የሚያነበው ዛፍና ነፍሳት ራሳቸው የአየር ንብረቱ ልጆች ናቸው። ሙቀቱ ሲለወጥ የዛፉ አበባ ጊዜውን ሊስት ይችላል፤ ሕዝቡ ሲበዛና ጥብቁ ዛፍ ሲመነጠር ደግሞ ምልክቱ ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ የአባቶች ዕውቀት ከለውጡ ውጭ ቆሞ ለውጡን የሚመዝን መሣሪያ አይደለም፤ እርሱም አብሮ ይፈተናል። የሊቃውንቱም ሒሳብ ቢሆን ከዚህ ፈተና አላመለጠም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናም ለብዙ ዓመታት ሲቀንስ በታየበት ጊዜ፥ ስለ መጪው ዘመን የሚናገሩት የሒሳብ ሞዴሎች በአመዛኙ ይጨምራል ሲሉ ቆይተዋል። ይህ አለመጣጣም በሊቃውንቱ መካከል ብዙ ክርክር አስነሥቷል።

ሁለተኛ፥ በዘር የሚጠበቅ ዕውቀት ለአደባባይ ሲወጣ ምን ይሆናል? የንጋኚዎች ክብር ያረፈው፥ እነርሱ የሚያውቁትን ሌላው ባለማወቁ ላይ ነው። ምልክቱ ሁሉ በመጽሐፍ ተጽፎ በራዲዮ ከተነገረ፥ ለትውልዱ ይተርፋል፤ የቃሉ ዋስ የነበረው የሽማግሌው ሥልጣን ግን ሊላላ ይችላል። ዕውቀትን ለማዳን ሲባል ዕውቀቱን የሚታመን ያደረገውን ሥርዓት ማፍረስ፥ መርማሪዎች ሊያስቡበት የሚገባ አደጋ ነው።

ሦስተኛ፥ የጣቢያው ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ አለ። በመሥሪያ ቤት ወይም በውጭ ርዳታ የተቋቋመ ጣቢያ፥ ስሙ የማኅበረሰብ ቢሆንም፥ ርዳታው ሲያበቃ ማስተላለፊያውን የሚያድስና የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍል ካልተገኘ ዝም ይላል። በአደጋ ጊዜ ዝም ያለ ጣቢያም ጨርሶ ካልነበረው ይከፋል፤ ሕዝቡ በእርሱ ተማምኖ ሌላውን የወሬ መንገድ ትቶ ሊሆን ይችላልና።

አራተኛ፥ በብዙ ቤቶች ራዲዮውን የሚይዘውና ጣቢያውን የሚመርጠው አባወራው ነው። ዘር የምትመርጠውና ውሃ የምትቀዳው ሴት የምታደምጥበት ሰዓትና ስፍራ ካልታሰበ፥ ወሬው ለሥራው ባለቤት ሳይደርስ ይቀራል።

፯. ስለ አገራችን

በኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533፥ የማኅበረሰብ ራዲዮን ከሕዝብና ከንግድ ብሮድካስት ለይቶ አወቀ። በዚያው ዘመን በጅማ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ራዲዮ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህም በልዩ ልዩ አካባቢዎች ጣቢያዎች ተከፍተዋል። በ2013 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የቀድሞውን አዋጅ ተክቷል። ስለዚህ የሕጉ በር ክፍት ነው። የቀረው ጥያቄ፥ በየሕዝቡ ዘንድ የዝናም ቃል በምን ሥርዓት እንደሚነገርና ማን ዋስ እንደሚሆንለት ማወቅ ነው።

ይህን ሥርዓት ለማወቅ የምንጀምርበት ነገር አናጣም። በቦረናዎች ዘንድ አያንቱ የተባሉት የዘመን ዐዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን እያዩ፥ 354 ቀን ባለው ዓመትና 27 ስም ባላቸው ቀኖች ጊዜን ይቈጥራሉ፤ የታረደን ከብት ሆድዕቃ እያዩ መጪውን የሚናገሩም አሉ። በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ በሚኖሩ አርብቶ አደሮች ላይ ተደርጎ በ2003 የታተመ አንድ ጥናት፥ የሳይንሱን ትንበያ የሚሰሙት ጥቂቶች እንደ ነበሩ፥ የባህሉን ትንበያ የሚሰሙና የሚያምኑ ግን እጅግ ይበዙ እንደ ነበር አመልክቷል። ከዚህም ሌላ ጠቃሚ ነገር አስተውሏል፤ መንጋውን ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ዝናሙ ከወረደ በኋላ ወደ ወረደበት ሊሄድ ስለሚችል፥ ትንበያ ለእርሱ ለገበሬው የሚሆነውን ያህል አይሆንለትም።

ይህ አስተያየት የአፋሮችን ሥርዓት እንድናስብ ያደርገናል። አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተሰጣጥተው ይቀመጡና ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይነጋገራሉ፤ የትኛው ስፍራ ዘነበ፥ የት ሣር አለ፥ የከብት በሽታ የት ገባ፥ መንገዱ ሰላም ነውን ይባባላሉ። ይህ ዳጉ ይባላል። ሰሚው የወሬውን ምንጭ ይጠይቃል፤ የሰማውንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሚቀጥለው የማድረስ ግዴታ አለበት፤ ሐሰት የሚያወራ ሰው መታመንን ያጣል፥ በባህሉም ይጠየቃል። ከዚህም አልፎ፥ መንጋው ከመነሣቱ በፊት ኤዶ በሚባለው ሥርዓት ዐዋቂ ሰዎች ወደ ፊት ተልከው ዝናሙንና ሣሩን በዓይናቸው አይተው ይመለሳሉ። ካርማ የተባለው ዋናው ዝናም ወይም ሱጉም የተባለው የበልጉ ዝናም ሲዛነፍ፥ አፋሩ የሚደገፈው በዚህ ነው። እንግዲህ የቡንዮሬ ገበሬ የሚሻው ቃል «ይዘንባል» የሚል ትንበያ ሲሆን፥ የአፋር ከብት አርቢ አብልጦ የሚሻው «ዘንቧል፥ እኔም አይቼዋለሁ» የሚል ምስክርነት ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት፥ የቡንዮሬውን ሥራ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት እንደማይገባ ነው። በአርብቶ አደር አገር የሚከፈት ጣቢያ ከወቅት ትንበያ ይልቅ የኤዶ ሰዎችን ምስክርነት፥ የእንስሳት ሐኪሙን ማስጠንቀቂያና የገበያውን ዋጋ ቢያቀርብ፥ ምንጩንም በዳጉ ሥርዓት ማን አየው፥ መቼ አየው፥ የት አየው ብሎ ቢናገር ይሻላል። በእርሻ አገር ደግሞ የዐሥር ቀኑ ትንበያ የዘሩን ምክር ይዞ፥ ሕዝቡ በሚያውቃቸው ሰዎች አፍ ቢነገር ይጠቅማል።

ለዚህ ሥራ የአየር ጠባይ ሊቅና የራዲዮ መሐንዲስ ብቻ አይበቁም። በየአገሩ ስለ ዝናም የመናገር ሥልጣን ያለው ማን ነው? ሴቶችና ወጣቶች ቃሉን የሚሰሙት በየት በኩል ነው? ሁለት ቃል ሲጋጭ የትኛው ይመረጣል? ዝናሙስ ሲቀር ሕዝቡ ወደ ማን ደጅ ሄዶ ይጠይቃል? እነዚህን ጥያቄዎች በሜዳ ተቀምጦ፥ በሕዝቡ ቋንቋ ጠይቆ መመዝገብ የባህል መርማሪዎችና የተማሪዎቻቸው ድርሻ ነው። ምዝገባውም ጣቢያው ከመከፈቱ በፊት ቢደረግ ይመረጣል፤ ማሰራጫው ከቆመና ሰዓቱ ከተደለደለ በኋላ የሚመጣ ጥናት፥ የተሠራውን ከመግለጽ አልፎ አሠራሩን ሊያቀና አይችልምና።